ሾላው ሥር የተናገረች ወፍ

ሰፈሬ በአውጫጭኝ ሌባ ብሎ ለየኝ። የባልቴቷን በሬ አልሰረቅሁም።

ይህን ሁልጊዜ አስቀድሜ እናገረው ነበር። ቡሬ በኖርሁባቸው ዓመታት፣ ሻይ ቤት አጠገቤ የተቀመጠ ሰው «ከወዴት ነህ?» ሲለኝ፣ አገሬን ከመንገሬ በፊት «አልሰረቅሁም» እለው ነበር። ሰው ይስቅብኛል። «ማን ሰረቅህ አለህ?» ይለኛል። እውነቱን ነው። ሳይጠየቅ የሚምል ሰው ሌላ የደበቀው ነገር አለው። እኔም ነበረኝ።

አገሬ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሚወስደው አስፋልት ተወርዶ፣ ሁለት ወንዝ ተሻግሮ የምትገኝ ገጠር ናት። መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ የከብት ሌባ በዛብን። ሌባው በሬውን ነድቶ ቆላ ያወርደዋል፤ ፖሊሱ ያለው ከተማ ነው። ከተማ ወጥተህ፣ ተሰልፈህ፣ ቃልህን ሰጥተህ እስክትመለስ በሬው ታርዶ ቆዳው ደርቋል። ስለዚህ የአባቶቻችንን ነገር ያዝን። አውጫጭኝ ተቀመጥን።

ላላየው ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ከብት የጠፋበት ወይም ቤት የተቃጠለበት ሰው ለሽማግሎች ያመለክታል። በቀጠሮው ቀን የሰፈሩ ሰው፣ ሴት ወንድ ሳይባል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ካለው ሜዳ ይሰበሰባል። በሽተኛ እንኳ በቃሬዛ ይመጣል፤ አልመጣም ያለ እሱ ራሱ ተጠርጣሪ ነው። ከሜዳው ራቅ ብሎ አንድ ሾላ አለ። ሥሩ ሦስት ሽማግሎች ይቀመጣሉ። ከዚያ ሁላችንም አንድ በአንድ ወደ ሾላው እንሄዳለን። ያየ ያየውን በጆሯቸው ሹክ ይላል። ያላየ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብሎ ይምላል። ሁሉም ስለሚሄድ ማን እንደ ተናገረ አይለይም። የተናገረው ሰው ወፍ ይባላል። የሽማግሎቹ ሥራ ወፏን መስማት ነው፣ ሰምቶም እስከ መቃብር መደበቅ። ወፍ ከታወቀች ደም ይፈሳል፤ ደም ከፈሰሰ ደግሞ ነገ ማንም አይናገርም።

ጥሩ ሥርዓት ነው። ይህን የምለው እኔ፣ የተበላሁበት ሰውዬ ነኝ።

ያን ቀን ሽማግሎቹ ከሾላው ሥር ተነሥተው ሲመጡ ሰው ሁሉ ወደ እነሱ ዞረ። ከፊት ያሉት ትልቁ ሽማግሌ የክርስትና አባቴ ናቸው። መጥተው ፊት ለፊቴ ቆሙ።

«ወፍ ተናግራለች» አሉ። «አንድ አይደለችም፣ ሁለት ናት። ልጄ፣ በሬውን መልስ።»

«የቱን በሬ?»

«ልጄ፣ አታድክመን።»

«አባቴ፣ እኔ አንድ በሬ አለኝ። ሁለተኛ ብሰርቅ የት እደብቀው ነበር? ሆዴ ውስጥ?»

ከሴቶቹ በኩል አንዷ፣ «እሱማ ሆድህ ይችላል!» አለች። ሜዳው ሙሉ ሳቀ። ሽማግሎቹ እንኳ ፈገግ አሉ። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ ስተኛ እሰማዋለሁ።

ወፎቹ ምን እንዳዩ ኋላ ገባኝ። አንድ በሬ ያለው ሰው ብቻውን አያርስም፤ አንድ በሬ ካለው ሌላ ሰው ጋር ይቀናጃል። እኔም መቀናጆ ነበረኝ፤ አንድ ቀን የእሱን ማሳ፣ አንድ ቀን የእኔን እናርሳለን። የመቀናጆዬ በሬ መልኩ ዳለቻ ነው፤ የባልቴቷም በሬ ዳለቻ ነው። በሬው በጠፋበት ሳምንት እኔ የመቀናጆዬን ዳለቻ ቁልቁል ስነዳ ሰው አይቶኛል። ይኸው ነው።

«ተናገር እንጂ!» አልሁት መቀናጆዬን በሰው መሐል። «በሬህን የመለስሁልህ መቼ ነው?»

መሬት መሬቱን አየ። «ቀኑን እንኳ… ልብ አላልሁትም አያ» አለ።

በሬውን እስክመልስ ድረስ ለእርሻዬ ወንፈል እንዳይገባልኝ፣ እሳት እንዳይጫርልኝ፣ ለሬሳዬ እንዳይወጣ ተፈረደ። ቄሱ ግዝቱን አሰሩት። በማግስቱ ጠዋት መቀናጆዬ መጥቶ ለእኔ ተራ እንደገና የመጣውን በሬውን ከበረቴ ፈታ።

«ምን ላድርግ አያ?» አለኝ፣ ገመዱን እየጠቀለለ። «እኔም እኮ ሰፈር አለኝ።»

እንዲህ ያለ ቃል ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ ሰምቼ አላውቅም። ስብሰባ ላይ ካድሬዎቹ ማኅበረሰብ ማኅበረሰብ ይላሉ። እኔ የማውቀው ሰፈርን ነው። ሰፈር ማለት ስትሞት የሚሸከምህ ነው፤ ቆመህ ሳለህም ሊጥልህ የሚችለው እሱ ብቻ ነው።

ሚስቴ ገል ይዛ እሳት ልትጭር ሦስት ቤት ሄደች። ሦስቱም ቤት ጭስ ይወጣ ነበር፤ ሦስቱም «እሳታችን ጠፍቷል» አሏት። ክብሪት ከሱቅ አይጠፋም ነበር። ግን ሴት እሳት የምትጭረው ለእሳቱ ብቻ አይደለም። ደጃፍ ቆማ ማን እንደ ወለደ፣ ማን እንደ ታመመ የምትሰማው ያኔ ነው። ሚስቴ ባዶውን ገል ደጃፉ ላይ አስቀምጣ፣ «ሰው ሳለሁ ወደ አባቴ ቤት ልሂድ» አለችኝ። የእኛን በሬ አስከትላ ሄደች። እኔ ቡሬ ገባሁ።

ቡሬ የሄድሁት አንድ ሰው ፈልጌ ነው። ከእኔ ስምንት ዓመት ቀድሞ፣ ከዚያው ሜዳ፣ ከዚያው ሾላ ሥር በወጣ ቃል ከሰፈሩ የተለየ ጎረቤቴ ነበረ። የጤፍ ክምር አቃጥለሃል ተብሎ። ቡሬ እህል መጋዘን ተሸካሚ ሆኗል ሲባል ሰምቻለሁ። በዓለም ላይ የእኔን ነገር የሚያውቅልኝ ሰው እሱ ብቻ ነው አልሁ።

እዚህ ላይ እጄ ይከብደኛል። መጻፍ የተማርሁት በጎልማሳነቴ ስለሆነ ድሮም እጄ ከባድ ነው፤ ይህ ግን ሌላ ነው።

የዚያ ሰው ወፍ እኔ ነበርሁ።

ነገሩ ከድንበር ይጀምራል። እሱ የሩቅ አገር ሰው ነው። ቅኔ ሊማር ወደ እኛ ደብር መጥቶ፣ ትምህርቱን ትቶ፣ የሰፈራችንን ልጅ አግብቶ ቀረ። የሚስቱ ማሳ ከእኔ ማሳ ይዋሰናል፤ ድንበሩ አንድ ጥቁር ድንጋይ ነው። በሦስት ትልም ስፋት ተጣላን። እኔ «ድንጋዩን ገፍተሃል» እለዋለሁ፤ እሱ «ድንጋዩ የቆመበት ነው ያለው» ይለኛል። ሽማግሌ ገባ፣ አልለየም። ድንጋይ አይናገር!

መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ፣ በጥር፣ የአንድ ሀብታም ገበሬ የጤፍ ክምር በቀን ነደደ። አውጫጭኝ ተባለ። ወረፋዬ ሲደርስ ወደ ሾላው ሄድሁ። ክምሩ በነደደበት ቀን ከአውድማው በኩል ሽቅብ የሚመጣ ሰው አይቻለሁ። ሩቅ ነበር። ጋቢ ተከናንቧል። አካሄዱ የጎረቤቴን ይመስላል። ያየሁት ይህንን ነው።

«እሱ ነው» አልሁ።

የክርስትና አባቴ ጆሯቸውን ወደ አፌ አስጠግተው፣ «ፊቱን አይተኸዋል?» አሉኝ።

«አይቻለሁ።»

አላየሁም።

ሌላም አንድ ወፍ «መሰለኝ» ብላ ኖሮ ተደመረና ሰውየው ተለየ። ከሚስቱ ጋር ዕቃቸውን በአንድ አህያ ጭነው ሲወጡ በራፌ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። እሱ እጁን አነሣልኝ። እኔም አነሣሁ።

በተከታዩ ክረምት ሳርስ ማሳዬ ሰፍቶ አገኘሁት። ድንጋዩ ከነበረበት ተነሥቶ ወደ እሱ ማሳ ገብቷል፤ ልክ ሦስት ትልም። ማን እንዳነሣው አላወቅሁም። እግዜር ፈረደልኝ ብዬ አረስሁት። በኋላ በሽግሽጉ ጊዜ የእሱ ማሳ ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ ሦስቱ ትልም ግን ከእኔ ጋር ቀረች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። ውሸት ነው። የወጋም አይረሳም፤ ዝም ነው የሚለው።

ወደዚህ ሰው ቤት ነው የሄድሁት። ሌላ የምሄድበት ስለሌለኝ።

ከመጋዘኑ ጀርባ አንዲት ክፍል ቤት አገኘሁት። ጆንያ አራግፎ መግባቱ ነው፣ ፊቱ ዱቄት መስሏል። ገና ሲያየኝ፣ «ጎረቤቴ!» ብሎ አቀፈኝ።

«አልሰረቅሁም አያ» አልሁት፣ ከትከሻው ሳልላቀቅ።

«አውቃለሁ። እኔም አላቃጠልሁም። ግባ።»

ሚስቱ እጅ አስታጠበችኝ። እንጀራውን ከእኔ በኩል እየገፋች፣ «ብላ እንጂ ወንድሜ፣ የአገር ሰው እኮ ነህ» አለችኝ። በላሁ። በዚያች ቤት መደብ ላይ አራት ዓመት ተኛሁ። በማግስቱ መጋዘን ወስዶ ከተሸካሚዎቹ ጋር አስገባኝ። ስሜን እያወቀ፣ አንድም ቀን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። «ጎረቤቴ» ነው የሚለኝ። በጠራኝ ቁጥር አንገቴ ላይ የሆነ ነገር ይጨመርበታል።

መጋዘን ውስጥ እያንዳንዱ ነጋዴ ጆንያው ላይ የራሱን ፊደል ይጽፋል። እኔ ፊደል አላውቅም፤ የአንዱን ጤፍ ከሌላው ገብስ ላይ አወርዳለሁ። ተሸካሚዎቹ መቀለጃ አደረጉኝ። «እሱን ተዉት፣ እሱ የሰውን ዕቃ ለሌላ ሰው ማድረስ ለምዶበታል!» ይላሉ፣ ስለ በሬው ሰምተው። አንድ ቀን ጎረቤቴ ከሰል አንሥቶ ባዶ ጆንያ ላይ ጻፈና፣ «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«መንሽ።»

«የምን መንሽ?»

«ገለባ የምናነሣበት ነዋ። ሦስት ጣት አለው።»

ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እሺ፣ መንሹ ሐ ይባላል። የሐጂ ጆንያ ነው። መንሽ ያየህበትን ሁሉ ወደ ግራ ጥግ።»

እንዲህ ነው የተማርሁት። መንሹን፣ ምሰሶውን፣ መስቀሉን። ሥራ በማይኖርበት ከሰዓት በኋላ ጆንያ ላይ ተቀምጠን፣ እሱ ያጽፈኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሳጠፋ አይቆጣም። የቆሎ ተማሪ ሳለ መምህሩ በአለንጋ ያስተምሩት እንደ ነበር ነገረኝ። «እኔ አልመታህም» አለኝ፣ «አንተን የሚመታህ ሌላ ሞልቷል።»

ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ቃል መጻፍ ጀመርሁ። አንድ ቀን ቤት ሳለን፣ «ድንጋይ ጻፍ» አለኝ። ከሰሉን ይዤ ስጀምር እሱ ለብቻው ፈገግ አለ።

«ያንን ድንጋያችንን ታስታውሰዋለህ?»

እጄ ቆመ። «የቱን?»

«የቱን ይላል እንዴ! ሦስት ትልሟን ነዋ። ያን ዕለት እኮ፣ ክምሩ የተቃጠለ ዕለት፣ እኔ ድንጋዩን ስመልስልህ ነበርሁ።»

ሚስቱ ጥግ ላይ ቆማ ሽሮ ትነፋ ነበር። ወንፊቱ ቀስ አለ።

«ንስሐ ገብቼ ነበር» አለ። «የንስሐ አባቴ፣ ‹የእኔ ነው ብለህ መማል ትችላለህ?› አሉኝ። አሰብሁት። መማል አቃተኝ። ‹እንግዲያስ ልቀቅ› አሉኝ። ሰው ሁሉ ገበያ በወጣበት ቀን ሄጄ ድንጋዩን ወደ እኔ ማሳ አስገባሁልህ። በአውድማው በኩል ተከናንቤ ተመለስሁ። ከዚያ ጭሱን አየን።»

«ታዲያ ሜዳው ላይ ለምን አልተናገርህም?» አልሁት።

«ምን ልበል? ድንበር ድንጋይ ነክቻለሁ ልበል? ወዲህም ይሁን ወዲያ፣ ድንጋይ የነካ እርጉም ነው። ከአቃጣይና ከእርጉም የቱን ትመርጥልኝ ነበር ጎረቤቴ?»

እሱ ለሦስት ትልም መማል ያቃተው ሰው ነው። እኔ ያላየሁትን ፊት አይቻለሁ ብዬ ምያለሁ።

እዚያ ላይ ልናገር ይገባኝ ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር፤ እሱ ቀደመኝ። «ወፌን አውቃታለሁ» አለ፣ በአገጩ ወደ ሚስቱ እየጠቆመ። «የእሷ ወንድም ነው። እህቴን ለመጤ አልሰጥም ሲል የነበረ እሱ ነው። ተበቀለኝ። ከወጣን በሦስተኛው ዓመት ሞተ፣ ለቀብሩ አልሄድንም። ሂጂ ብላትም አልሄድም አለች።»

«አንተ አትሂጂ አልኸኝ እንጂ» አለች ሚስቱ፣ ፊቷን ሳታዞር። ወንፊቱን አስቀምጣ ወጣች።

እኔ ወደ ጆንያው አጎነበስሁ። ድንጋይ የሚለውን ቃል ሳላጠፋ ጻፍሁ። «ጎበዝ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሁለት ዓመት ዝም አልሁ። ምክንያት ነበረኝ፤ ሰው ምክንያት አያጣም። ብናገር ወዴት እሄዳለሁ እል ነበር። ለወንድሟ ተዝካር ቀን ሴትዮዋ ጥቁር ነጠላዋን አውጥታ ስታየው፣ አጣጥፋ ስትመልሰው እያየሁ ራቴን እበላ ነበር።

በአራተኛው ዓመት መስቀል ካለፈ በኋላ ሦስት ሽማግሎች ቡሬ መጡ። የከብት ሌቦች ገበያ ላይ ተይዘው፣ አንደኛው የነዳውን ሁሉ ሲዘረዝር የባልቴቷን ዳለቻ ጠርቷል። ሽማግሎቹ እኔን ፍለጋ ከዚያች ቤት ደረሱ። ጎረቤቴ ከመደቡ ተነሥቶ ቦታ ለቀቀ። አልተቀመጡም። የክርስትና አባቴ ምርኩዛቸውን ይዘው ቆሙ።

«ልጄ፣ ወፍ ተሳስታለች። በድለንሃል። ልንመልስህ መጣን፣ ማረን።»

ያን ቀን ለአራት ዓመት የጠበቅሁት ቀን ነበር። ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር፤ ደሜ ነው የፈላው።

«አራት ዓመት ጆንያ ተሸክሜ!» አልሁ። «ሚስቴ ባዶ ገል ይዛ ደጅ ለደጅ! ስትስቁብኝ! አልምርም። መጀመሪያ ወፌን ንገሩኝ።»

«እሱማ አይሆንም።»

«ማነው? መቀናጆዬ ነው? ያቺ ‹ሆድህ ይችላል› ያለችኝ ናት? ያላየውን አየሁ ያለው ማነው? ስሙን እፈልጋለሁ!»

«ልጄ፣ ወፍ አይነገርም። ዛሬ ያንተን ብንነግርህ ነገ ቤት ሲቃጠል ማን ይነግረናል?»

«ያላየውን አየሁ የሚል ውሻ ነው! ውሻ!»

ያኔ ጎረቤቴ ክንዴን ያዘኝ። «ተው ጎረቤቴ» አለኝ ቀስ ብሎ። «እኔ ወፌን ጠይቄ አውቃለሁ? ብጠይቅስ ምን ሊጠቅመኝ? ሥራውን ሰውየው ለራሱ ያውቃታል።»

የክርስትና አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። ሁለቱንም ነገር፣ የእሱንም የእኔንም፣ ከላይ እስከ ታች የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። ዓይናቸው ላይ ቁጣ እንኳ አልነበረም። ያየሁት የሰለቸው ሽማግሌ ዓይን ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ሹክሹክታ የተሸከመ።

«ያንተ ወፍ እኔ ነኝ» አልሁት ጎረቤቴን።

«ዝም በል!» አሉ የክርስትና አባቴ፣ ምርኩዛቸው መሬቱን መታው። «ምን አፍህን ከፈተው! እኔ የደበቅሁትን አንተ ማን ነህና የምትገልጠው?»

«ፊትህን አላየሁም አያ። አየሁ አልሁ። ሦስት ትልም ስለቆጨኝ ነው።»

እጁ አሁንም ክንዴ ላይ ነበር። ቀስ ብሎ አነሣው። መደቡ ላይ ተቀመጠና መዳፎቹን አያቸው።

የተናገረችው ሚስቱ ናት። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ወንድሜ መቃብሩ ላይ ሣር በቅሏል» አለችኝ። «አፈር እንኳ አላለበስሁትም። አንተ ግን ቤቴ ውስጥ እራት ትበላ ነበር።»

ጎረቤቴ ተነሥቶ አራት ዓመት የለበስሁትን ጋቢ ከመደቡ አነሣ፤ የእሱ ጋቢ ነው። በጥንቃቄ አጣጥፎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። በሩን ከፈተ። «ጎረቤቴ» አላለኝም።

ያን ቀን ከሽማግሎቹ ጋር በአይሱዙ ጭነት ላይ ተሳፍሬ ስመለስ የክርስትና አባቴ መንገዱን ሙሉ አላናገሩኝም። አስፋልቱ ላይ ስንወርድ ብቻ፣ «የእሱን ነገር እናቃናለን» አሉኝ። «ሥርዓቱን ግን አንተ ሰበርኸው።» እውነታቸውን ነው። ከዚያ ወዲህ ሰፈራችን አውጫጭኝ ተቀምጦ ወፍ ተገኝታ አታውቅም። ሰው ሾላው ድረስ ይሄዳል፣ «አላየሁም» ይላል፣ ይመለሳል። በእኔ ያመካኛሉ። ቆየት ብሎ አንድ ለአምስት የሚባለው የመንግሥት አደረጃጀት ሲመጣ ደግሞ ሰው በአደባባይ ስለ ጎረቤቱ እንዲናገር ይጠየቅ ጀመር፤ እዚያም ማንም የሚያውቀውን አልተናገረም። ሥርዓቱ የቆመው ሾላው ሥር የሚያጎነብስ ሰው እውነት ይናገራል በሚል እምነት ላይ ነበር። እኔ የሰበርሁት ቡሬ ስናገር አይመስለኝም። የሰበርሁት ከዚያ በፊት፣ «አይቻለሁ» ስል ነው።

ሽማግሎቹ ቡሬ ሁለቴ ተመላለሱ። ሴትዮዋ፣ «እዚህ ይቅር አልልም» አለች። «በሰው ፊት ተለየን፣ የምንመለሰውም በሰው ፊት ነው። ወንድሜንም መጀመሪያ አልቅሼ ነው።» የነቢያት ጾም ሳይገባ እንዲያልቅ ተቀጠረ።

በእኛ አገር የበደለ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ አንገቱ ላይ ይሸከማል፤ የተበደለው «አውርድ» እስኪለው አያወርድም። ሰው የሚሸከመው ከመንገድ ዳር ያገኘውን ነው፤ ብልጥ የሆነ ትንሽ ይመርጣል። እኔ ያን ቀን ጠዋት ዶማ ይዤ ወደ ማሳዬ ሄድሁ። ጥቁሩን የድንበር ድንጋይ ቆፍሬ አወጣሁት። በሚስቴ እርዳታ አንገቴ ላይ ጫንሁት። ሚስቴ ከአባቷ ቤት ተመልሳ ነበር፤ ነገሩን ሁሉ ከነገርኋት ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ድንጋዩን ስታሸክመኝ ግን፣ «እንዳትጥለው» አለችኝ።

መንገድ ላይ ያገኘኝ አንድ ጎረምሳ፣ «አያ፣ ቤት ልትሠራ ነው? ጥሩ ማዕዘን ይወጣዋል!» ብሎ ሳቀ። ከኋላው የነበረች አሮጊት ድንጋዩን አየችውና አማተበች። የድንበር ድንጋይ መሆኑን አውቃዋለች። ልጁም ከመንገዴ ገለል አለ።

ሜዳው ሞልቶ ነበር። ቄሱ የሁለታችንንም ግዝት ፈቱ። ጎረቤቴና ሚስቱ በእግር ከአስፋልቱ መጥተው ዳር ቆመዋል፤ እሷ ጥቁር ነጠላዋን ለብሳለች። እኔ ወደ መሐል ወጥቼ የቡሬውን ቃል ደገምሁት። ወፏ እኔ ነበርሁ። ፊቱን አላየሁም። ያን ዕለት እሱ ይህን ድንጋይ ሊመልስልኝ ነበር የሄደው።

«እንግዲህ ከአሁን በኋላ ማን ይናገራል?» አለ አንዱ ከኋላ።

«የሚያውቅ ይናገራላ!» አለችው ሌላዋ።

ማንም አልሳቀም። ጎረቤቴን አየሁት። «አውርድ» አላለም።

ሚስቱ ወደ ወንድሟ መቃብር አቀናች። ሴቶቹ ተከተሏት፣ ወንዶቹም። ልክ ሰው ዛሬ የሞተ ይመስል ሰፈሩ ሙሉ ሄደ። ሣሩን በእጇ ነቀለችው። እንዲህ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም፤ «ወንድሜ፣ ወፍ ሳትሆን ወፍ ያልሁህ» እያለች ነበር የምታወርደው። ያኔ እሳት የከለከሉት ሴቶች ደረት ይመቱላት ነበር። እኔ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ነው የሰማሁት። ድንጋዩ አንገቴን ልጦ ደሙ ወደ ጀርባዬ ይወርድ ነበር። አልወደቅሁም። የሚያኮራ አይደለም፤ ብወድቅ የሚያነሣኝ አልነበረም።

ፀሐይ ዘንበል ስትል ወጥታ ፊቴ ቆመች። ዓይኗ አብጧል። ባሏ ከኋላዋ ነው።

«አውርድ» አለችኝ። «ለአንተ ብዬ አይደለም። ድንጋዩ የእኛ ነው።»

አወረድሁት። ጎረቤቴ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ብቻውን አነሣና ቁልቁል ሄደ፤ ሽማግሎቹና እኔ ተከተልን። ከማሳዬ ለቤት መሥሪያና ለጓሮ የሚሆን ተቆርጦለት ነበር። ሦስቱ ትልም ከነሌላው። ድንጋዩን ራሱ ተከለው፣ በእግሩ ረገጠው። የክርስትና አባቴ ውል ይጻፍ አሉ። ጸሐፊ ሲፈለግ ጎረቤቴ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየኝ።

«እሱ ይጻፍ» አለ። «ድንጋይ መጻፍ ያውቃል።»

ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍሁ። ድንበሩ ከየት እስከ የት፣ ማን ለማን፣ በማን ፊት። ድሮ አውራ ጣቴን አትምበት የነበረው ቦታ ላይ ስሜን ጻፍሁ። እሱም ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ፤ አንድ ፊደል አርሞ መለሰልኝ። ከዚያ በታች ቀኑን አስጻፉኝ፤ ኅዳር 14 ቀን 1996 ዓ.ም.